ከሰብለ በስተግራ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የስንብት ንግግሩን ያደረገችው ሰብለ ናት። ቀኑ የኔ ነበር። ጋቢው ለኔ ተገዝቷል፣ ኬኩ ላይ ስሜ ተጽፏል፣ የቴአትር ቤቱ ሥራ አስኪያጅም ለመጀመሪያ ጊዜ ስሜን ሳይሳሳት ጠርቶኛል። ሰብለ ተነሥታ «ጽጌ ማለት ዕድሜዬን ሙሉ ከጎኔ ያልተለየች ሰው ናት» ስትል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ለማን እንደሚጨበጨብ ለማወቅ ዙሪያዬን አየሁ። ሰው ሁሉ የሚያየው እሷን ነበር።

ቅናት ነው ካላችሁኝ፣ አዎ፣ ቅናት ነው። አንዱ ስኳር አለበት፣ ሌላው ደም ብዛት አለበት፤ እኔ ሰብለ አለችብኝ። ደግሞ እኮ ክፉ ሰው ብትሆን ይቀለኝ ነበር። ክፉ አይደለችም። ሳቂታ ናት፣ ለጋስ ናት፣ ስታመም ሾርባ ይዛ ትመጣለች። እኩል ተቀጥረን፣ እኩል አርጅተን፣ እኔን በጋቢ ሲሸኙኝ እሷን «ያለ እሷ ኦርኬስትራው አይሆንም» ብለው በኮንትራት አስቀሯት። እሱንም ሾርባ ይዛ መጥታ ነው የነገረችኝ።

ሥራችንን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ኦርኬስትራ ውስጥ ቫዮሊን ተጫዋቾች ሁለት ሁለት ሆነን ነው የምንቀመጠው። ለሁለት ሰው አንድ የኖታ ማስቀመጫ አለ፤ እኛ ስታንድ እንለዋለን። በተመልካቹ በኩል የሚቀመጠው ዋናው ነው። በስተግራው፣ በውስጥ በኩል የሚቀመጠው ደግሞ ከመጫወቱ ሌላ ገጽ ይገለብጣል። የገጹ መጨረሻ ሲደርስ የውስጡ ሰው ደጋኑን ከክሩ ላይ አንሥቶ ይገለብጥና ተመልሶ ይገባል። ዋናው ግን አያቋርጥም። ሰብለ የመጀመሪያው ስታንድ ላይ በውጪ በኩል፣ እኔ በውስጥ በኩል ተቀመጥን፤ እንደተቀመጥንም ዘመኑ አለቀ። ተጫውቼዋለሁ የምለው ሙዚቃ ሁሉ ገጹ የሚገለበጥበት ላይ ቀዳዳ አለው። እዚያ ቀዳዳ ውስጥ ያለውን ዜማ የማውቀው ከሰብለ ቫዮሊን እየሰማሁ ነው።

ሁለታችንንም ያስተማሩን ጋሽ መርዕድ ናቸው። ውጭ አገር ክላሲካል ሙዚቃ ተምረው ተመለሱና የኛን ቅኝቶች ለኦርኬስትራ መጻፍ ጀመሩ። ያን ጊዜ «የሙዚቃ ደራሲ ነኝ» ሲሉ ሰው የዘፈን ግጥም የሚጽፉ ይመስለው ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ በሙቀትም በብርድም ክራቫት የማይለያቸው ሰው ነበሩ።

ሲያስተምሩ ቫዮሊን ቶሎ አያስነኩም። መጀመሪያ ዜማውን በአፍሽ ትያለሽ። ቀጥሎ ቀኝ እጅሽን ብቻ አየር ላይ እያንቀሳቀስሽ ትያለሽ። ከዚያ በኋላ ነው መሣሪያው ከሣጥኑ የሚወጣው፤ እሱም ወደ ግድግዳ ዞረሽ። «ጣትሽን አትዪው፣ ጣትሽ አንቺን አያይሽም» ይሉ ነበር። እኔ ጣቴን ካላየሁ የምወድቅ ስለሚመስለኝ ያንን ግድግዳ ስንጥቅ በስንጥቅ አውቀዋለሁ። ስሕተታችንን የሚያሰምሩበት ቀይ እርሳስ ነበራቸው። በምላጭ ሲቀርጹት ፍቅፋቂው መሬት አይወድቅም፤ መሐረብ ዘርግተው ይቀበሉታል። እርሳሱ እስኪቀረጽ ድረስ ቆመን እንጠብቃለን። የተሳሳትሽው ምኑ ላይ እንደሆነ በዚያ ዝምታ ውስጥ ራስሽ ታገኚዋለሽ፤ እርሳሱ ሲደርስ የሚያሰምረው የምታውቂውን ነው። ዛሬ ሳስበው የመቅረጹ ነገር ለዚህ ይመስለኛል።

ጎበዝ ብለው አያውቁም። ያስደሰታቸው ነገር ሲኖር መነጽራቸውን አውልቀው በክራቫታቸው ጫፍ ይጠርጉታል፤ በቃ፣ ሽልማቱ እሱ ነው። የሰብለ ተራ ሲደርስ ያ ክራቫት ዕረፍት አልነበረውም። የኔ ተራ ሲደርስ «ደህና ነው፣ ቀጥዪ» ይሉኛል። እኔም ቀጠልኩ፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ።

ቴአትር ቤት ስንቀጠር አለቃችን ከጦር ሠራዊት ባንድ የመጡ ሻለቃ ነበሩ። የሁላችንም ደጋን እኩል እንዲወጣና እኩል እንዲወርድ ይፈልጋሉ። ድምፁ ይሳሳት፣ ግድ የላቸውም፤ ክንዱ ከተሳሳተ ግን ያስቆሙናል። ብዙዎች ሙልጭ አድርገው ያሟቸዋል፤ እኔ ግን እሳቸው በነበሩበት ዘመን ከሰብለ ጋር ልዩነታችን አይታይም ነበርና አላማቸውም። ከእሳቸው በኋላ የመጣው ደግሞ «አንድ ኪቦርድ ሁላችሁንም ይተካል» ይለን ነበር። በየክፍለ ሀገሩ ዞረናል፣ ለድራማ አጅበናል፣ ለበዓል ዝግጅት ተሰልፈናል፣ ሆቴል ውስጥ ሙሽራ አስገብተናል። ደመወዙን ባላነሣው ይሻላል።

የጋሽ መርዕድ ትልቁ ሥራ «የአዋሽ ሙላት» ይባላል። በአንቺሆዬ ቅኝት የተሠራ የኦርኬስትራ ሙዚቃ ነው። መሐሉ ላይ ሌላው መሣሪያ ሁሉ ዝም ይልና አንድ ቫዮሊን ብቻውን ይቀራል። ያ ሶሎ የሰብለ ነበር። ስትጫወተው አጠገቧ ቁጭ ብዬ፣ ደጋኔን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ገጹ እስኪደርስ እጠብቃለሁ። ያን ሶሎ ጸሎት እንደሚደገም እቤቴ ስደግመው ኖሬያለሁ። በዚህ ሥራ የተመኘሁት አንድ ነገር ቢኖር እሱን ሰው ፊት አንድ ጊዜ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መጫወት ነበር።

አንድ የበዓል ዝግጅት ሲደርስ ሰብለን ታይፎይድ አስተኛት። አዘንኩ ብል ማን ያምነኛል? ሻለቃው «ጽጌ፣ ውጪ ተቀመጪ» አሉኝ። በኔ ቦታ ከኋላ መደዳ አንድ ልጅ መጥቶ ተቀመጠ። ጋሽ መርዕድ ፊት ለፊት፣ ወንበሩ ዳር ላይ ሆነው ይታዩኛል። ሶሎው መጣ። ጀመርኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ተጫውቼ አላውቅም። ክሩ ጣቴን የሚጠብቀኝ ይመስል ነበር፤ አንዲት ሴት ከፊት ሆና አፏን በነጠላዋ ስትሸፍን አይቻለሁ። ከዚያ የገጹ መጨረሻ ደረሰ።

እጄ ተነሣ። ማንም አላዘዘውም። ዕድሜውን ሙሉ እዚያ ቦታ ላይ ሲያደርግ የኖረውን አደረገ፤ ደጋኑን ከክሩ ላይ አንሥቶ ገጹን ሊገለብጥ ተዘረጋ። የልጁም እጅ ተዘርግቶ ነበር። ሁለት እጅ አንድ ወረቀት ላይ ተገናኘና ኖታው ከስታንዱ ወርዶ እግራችን ሥር ተበተነ። የሚቀጥለውን በቃሌ አውቀው ነበር እኮ! ወረቀቱ ባይገለበጥ፣ ወረቀቱ ጨርሶ ባይኖር እንኳ ምንም አይጎድለኝም ነበር። ግን እጄ ወረቀቱን ሊለቅም ወረደ። ሻለቃው ጠበቁኝ፣ ጠበቁኝ፣ በመጨረሻ ለሌሎቹ ምልክት ሰጡና ኦርኬስትራው የቀረውን ሶሎ ዘልሎ ገባ።

ካለቀ በኋላ ጋሽ መርዕድ ከመድረኩ ጀርባ መጡ። መነጽራቸው ዓይናቸው ላይ ነው። ትከሻዬን ነካ አደረጉና «እስከዚያ ድረስ ጥሩ ነበር» አሉኝ። ብዙም ሳይቆዩ ታመሙ፤ ዳግመኛ ሳይሰሙኝ ዐረፉ። ሰብለ ድና ተመለሰች፣ እኔም ወደ ግራዬ ተመለስኩ።

ጡረታ ወጥቼ ጀሞ ቤቴ ስቀመጥ የያዘኝ ሱስ ፊልም ነው። በተለይ ስለ ክላሲካል ሙዚቃ ደራሲዎች የተሠሩትን፤ እያናደዱኝ እጨርሳቸዋለሁ። ደራሲው ሁልጊዜ ፀጉሩ የተንጨባረረ ነው፣ ሁልጊዜ ያስለዋል፣ ሁልጊዜ አንዲት ቆንጆ ተማሪ አለችው። ተዋናዩ ፊቱ በስሜት ይቃጠላል፣ ግራ እጁ ግን ማንጠልጠያ ላይ የተሰቀለ ኮት ነው። እኔ የማየው ከኋላው የተቀመጡትን ነው። እነሱ የእውነት ሙዚቀኞች ናቸው፤ ክንዳቸው ያስታውቃል። ካሜራው ሲዞር ከተዋናዩ ጆሮ ጀርባ፣ በውስጥ በኩል የተቀመጠችው ሴት ብልጭ ትልና ትጠፋለች። «አይዞሽ እህቴ» እላታለሁ ከሶፋዬ ላይ።

ናትናኤል የሚባል ወጣት ዳይሬክተር የደወለልኝ በዚህ መሐል ነው። ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር፣ አንድ ካፌ ውስጥ ተገናኘን። የጋሽ መርዕድን ሕይወት ፊልም ሊያደርገው ነው።

«"የአዋሽ ሙላት" አለበት?» አልኩት።

«እትዬ ጽጌ፣ ፊልሙ ራሱ እሱ ላይ ነው የቆመው።»

«ሶሎውንስ ማን ይጫወተዋል?»

«እትዬ ሰብለ ናቸዋ!» አለ፣ የምሥራች እንደሚነግረኝ ሁሉ። «እርስዎ ደግሞ ተዋናይቷን የቫዮሊን አያያዝ እንዲያስተምሩልን ነው። የሚያስተምር ሰው ቢኖር ጽጌ ናት ያሉኝ እሳቸው ናቸው።»

ሾርባዋን እዚህም አመጣችልኝ ማለት ነው። እምቢ ልለው ነበር። ግን እኔ ባልኖርም ፊልሙ ይሠራል፤ ጋሽ መርዕድን የማያውቁ ሰዎች ጋሽ መርዕድን ሲሠሩ እቤቴ ቁጭ ብዬ ማሰቡን አልቻልኩትም። እሺ አልኩት።

ተዋናይቷ ቤዛ ትባላለች። ልምምዱ እዚያው ሰፈር፣ አንድ ሕንፃ ላይ በተከራዩት አዳራሽ ነበር። ደጋን የሚጮኸው ፀጉሩ ላይ ሮዚን የሚባል ሙጫ ሲቀባ ነው። ለፊልም ግን ሮዚኑ ይታጠብና ሳሙና ይቀባል፤ ደጋኑ ይሄዳል ይመጣል፣ ድምፅ የለውም። ድምፁ ለብቻው ይቀዳና ከስፒከር ይለቀቃል። የቤዛንም የራሴንም ደጋን ሳሙና ቀባሁ። ሁለታችን ፊት ለፊት ቆመን፣ ሰብለ በልምምድ የቀዳችውን በስልክ ከፍተን፣ ከድምፁ ጋር እጃችንን እናመላልሳለን። ድምፁ የሰብለ፣ የደጋኑ አካሄድም የሰብለ፤ የኔ የሆነው ሳሙናው ብቻ ነው። ቤዛ ደግሞ ፈጣን ናት፣ ቆንጆ ናት፣ ጣቷን ሳታይ ትይዛለች። በሷም ቀናሁ።

ከዚያ ስክሪፕቱ የሚነበብ ቀን ደረሰ። ሁላችንም ክብ ሠርተን ተቀምጠናል፣ ሰብለም አለች። ፊልሙ ውስጥ ጋሽ መርዕድ አንዲት ተማሪ ብቻ ነው ያላቸው፤ ሁለት ሲሆን ተመልካች ይምታታበታል ተባለ። ተማሪዋ ሳቂታ ናት፣ ጎበዝ ናት፣ ጉንጯ ይሰረጎዳል። ማን እንደሆነች ለማንም አይጠፋውም። እንግዲህ ይሁን ብዬ ሳዳምጥ ናትናኤል ትልቁን ትዕይንት ማንበብ ጀመረ። ተማሪዋ ሶሎውን ትጫወታለች፣ አዳራሹ ያለቅሳል፣ የገጹ መጨረሻ ይደርሳል፣ እጇ ሳታስበው ይነሣል፣ ወረቀቱ ይወድቃል...

ደሜ ፈላ። ስብሰባው ሲበተን ሰብለን ደረጃው ላይ ያዝኳት።

«ምን ብለሽ ነው የነገርሽው?»

«የሆነውን ነዋ።»

«ማን ላይ የሆነውን?»

«ኧረ ጽጌ፣ በናትሽ አትቆጪ። ስለ ጋሽዬ ንገሪኝ ሲለኝ፣ አንቺ የተጫወትሽ ማታ እንዴት እንደነበሩ፣ ያኔ ታምሜ ተኝቼ የሰማሁትን ነገርኩት። ከሁሉ የሚያስለቅሰው እሱ ነው አለኝ።»

«የሚያስለቅሰው የኔ ነው! ጭብጨባው አልበቃ ብሎሽ ውርደቴን ትወስጂ?»

«እኔ አልወሰድኩም...»

«ተማሪዋ እኮ አንቺ ነሽ! ጉንጯ ሳይቀር!»

ሰብለ ጉንጯን በእጇ ሸፈነች። መልሷን ሳልጠብቅ ታክሲ ልይዝ ወረድኩ።

ሶሎው የሚቀዳበት ስቱዲዮ ላፍቶ ውስጥ፣ አንድ ቪላ ግቢ ነበር። ቤዛ የደጋኑን አካሄድ እንድታይ ብሎ ናትናኤል ሁለታችንንም ጠራን። ሰብለ መስታወቱ ወዲያ ገባች፣ እኛ ከቀጂው ጋር ወዲህ ተቀመጥን። ጀመረች። አቤት፣ ስታምር! እንደዚህ የምትጫወትን ሰው መጥላት ምን ያህል እንደሚያደክም እኔ ነኝ የማውቀው። የገጹ ቦታ ደረሰና አቆመች።

ናትናኤል ራሱን ነቀነቀ። «እትዬ ሰብለ፣ ድንገት ይሁን። ሳያስቡት እንደሆነ።»

ደገመችው። አሁንም ከማቆሟ በፊት ደጋኗ ዝግ አለ፣ ድምፁ ለስልሶ ቁጭ አለ። ደግማ ደጋገመችው። አንዴ አልፋው ሄደች፣ አንዴ ጭራሽ ቀድማ ቆመች። ቀጂው የጆሮ ማዳመጫውን አወረደና «ማዘር እንደሚያቆሙ ያውቁታል፣ ያስታውቃል» አለ። ሰብለ ላብ በላብ ሆና ወጣች።

«እጄ እምቢ አለኝ። እዚያ ጋ ቆሞ አያውቅም።» ወደ ኔ ሳታይ፣ «ጽጌ ትጫወተው» አለች።

ናትናኤል አየኝ። ቤዛ አየችኝ። ቫዮሊኔ አብሮኝ ነበር፣ ደጋኔ ግን ሳሙና ነው፤ አንዲት ድምፅ አያወጣም። እጄን ወደ ሰብለ ዘረጋሁ። ደጋኗን ለሰው ሰጥታ አታውቅም። ይዛው ትንሽ ቆየችና ሰጠችኝ።

«ፀጉሩን በጣትሽ እንዳትነኪው።»

«ትናንት የጀመርኩ አደረግሽኝ?» ብያት ገባሁ።

የመስታወቱ ክፍል ውስጥ ስታንድ ነበር፤ ወደ ግድግዳው ገፋሁት። ቀጂው በእጁ ምልክት ሰጠኝ፣ ጀመርኩ። ያንን ዜማ ኩሽናዬም መኝታ ቤቴም ያውቁታል፤ ሰው ብቻ ነው የማያውቀው። የገጹ ቦታ እየቀረበ መጣ። የተጠራሁት እዚያ ላይ ልወድቅ ነው። እንደገና፣ ለዘለዓለም፣ የሌላ ሰው ፊት ለብሼ። ቦታው ደረሰ።

እጄን አላነሣሁትም። አለፍኩት።

ካለፍኩት በኋላ ምን እንደሰማሁ ልንገራችሁ። ሰብለን ሰማሁ። አጎታተቷን፣ ትንፋሿን፣ ከአንዱ ክር ወደ ሌላው ስትሻገር የምታደርጋትን ያቺን ትንሽ መዘግየት። እዚያ ቀዳዳ ውስጥ የኖረችው እሷ ናትና እጄ የተማረው ከሷ ነበር። ተናደድኩ። ንዴቴንም ይዤው ቀጠልኩ፤ እየቆየ ዜማው የማን እንደሆነ መለየት አቃተኝ፣ ኋላም ተውኩት። እስከ መጨረሻዋ ድምፅ ሄድኩ። ደጋኑን ያወረድኩት ክሩ ራሱ ዝም ካለ በኋላ ነው።

ናትናኤል በስፒከሩ መጣ። «እትዬ ጽጌ... በጣም... ግን ማቆሙስ?»

«ማቆሙን አንተ አድርገው። መቁረጥ ሥራህ አይደል?»

ቀጂው ሳቀ። «ይቻላል፣ ማዘር። ድንገት መቁረጥማ የኛ ነው።» እዚያው ቆርጦ አሰማን። ድምፁ ሳያስበው ተያዘ፣ አፉ ውስጥ እንዳለ ቃል። ቤዛ አፏን ያዘች። ናትናኤል «ይኸው! ይኸው!» እያለ ከወንበሩ ተነሣ። ፊልሙ ውስጥ የሚሰማው እንግዲህ እስከዚያ ድረስ ያለው ነው፤ የቀረው ኮምፒውተሩ ላይ ቀረ።

ከክፍሉ ወጥቼ ደጋኑን ለሰብለ መለስኩላት። ፊቷን አየሁት። እንደዚያ ያለ ፊት በመስታወት ካልሆነ በቀር አይቼ አላውቅም፤ ጠዋት ጠዋት የማየው የራሴ ፊት ነው። ቀንታለች! ሰብለ ቀናች፣ በኔ! ደስ አለኝ፤ ምን እደብቃለሁ፣ እስከ እግር ጥፍሬ ደስ አለኝ።

ወደ ቀጂው ጠጋ አለችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ልጄ፣ የተቆረጠውን፣ የቀረውን... በቴሌግራም ልትልክልኝ ትችላለህ?» አለችው።

ስልኩን አነሣ።

«አትላክላት!» አልኩት።

ሁሉም ወደ ኔ ዞሩ። ቀጂው ስልኩን እንደያዘ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን ያያል። ቫዮሊኔን ሣጥኑ ውስጥ አስገብቼ ዘጋሁት።

«መስማት ከፈለገች ጀሞ ትምጣና ትስማኝ። አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለውም።»